ሸክሙ የት ተጫነ? የተጎታች ቤት ሚዛንና የመንጠቆ ጫና ፊዚክስ

ባለ ሁለት ጎማ የፈረስ ጋሪ በሚሠራባቸው ከተሞቻችን የኖረ ሰው አንድ ትእዛዝ ያውቃል። ተሳፋሪዎች ከኋላ በኩል ሲበዙ ጋሪ ነጂው ዞር ብሎ «እባካችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ» ይላል። ተሳፋሪው ጠጋ ይላል፤ ጋሪውም ጉዞውን ይቀጥላል። በዚህ መካከል የተጨመረም የተቀነሰም ሸክም የለም። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ጋሪውና ፈረሱም ያው ናቸው። ይሁን እንጂ ነጂው ትእዛዙን የሰጠው በከንቱ አይደለም። ሸክሙ ወደ ኋላ ሲያመዝን ጋሪው ወደ ኋላ ይጋደላል፤ በፈረሱ ግራና ቀኝ ያሉት ዘንጎች ወደ ላይ ይነሣሉ፤ በሆዱ ሥር የሚያልፈው ጠፍርም ፈረሱን ወደ ላይ ይስበዋል። በአንጻሩ ሸክሙ እጅግ ወደ ፊት ከሆነ የጋሪው ክብደት በፈረሱ ላይ ያርፍና ያደክመዋል። ጥሩ ነጂ በሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ ያውቃል፤ ዘንጎቹ ፈረሱን በመጠኑ ብቻ እንዲጫኑት ያደርጋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ ይኸው የጋሪ ነጂ ዕውቀት ነው። ነገር ግን ፈረሱን በመኪና፣ በሶምሶማ የሚጓዘውንም ጋሪ በሰዓት 80 ወይም 100 ኪሎ ሜትር በሚሮጥ ተጎታች ቤት እንተካለን። ፍጥነቱ ሲጨምር ጥያቄው ከፈረስ ድካም ወደ ሰው ሕይወት ይሻገራል። ከዚህም ሌላ በዝግታ ጉዞ የማይታይ አንድ ሁለተኛ ሕግ ብቅ ይላል። ሁለቱን ሕጎች በተራ ለማሳየት እንሞክራለን።

ተጎታች ቤትና አንድ የሐምሌ ጉዞ

«ካራቫን» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን የሚያስታውሰው በበረሃ የሚጓዘውን የግመል ቅፍለት ነው። በአውሮፓ አገሮች ግን ካራቫን ማለት አልጋ፣ ምድጃና የውኃ ማጠራቀሚያ ያለው፣ በቤት መኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው። አብዛኛዎቹ ከመካከላቸው አካባቢ አንድ አክስልና ሁለት ጎማ አላቸው። ከፊት ለፊት የሚወጣው የብረት መጎተቻ ጫፉ ላይ ጽዋ የመሰለ መያዣ አለው፤ ይህም ከመኪናው በስተኋላ በተተከለ የኳስ ቅርጽ ባለው መንጠቆ ላይ ይቀመጣል። ሹፌሮቻችን የመጎተቻ መንጠቆን ጋንቾ ይሉታል። በአውሮፓ የኳሱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው። ኳስ በመሆኑም ተጎታቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች መዞር ይችላል። እንግዲህ ተጎታች ቤቱ የሚያርፈው በሦስት ነጥቦች ማለትም በሁለቱ ጎማዎችና በመንጠቆው ላይ ነው። መንጠቆውን ወደ ታች የሚጫነው ክብደት «የመንጠቆ ጫና» ይባላል።

ከዓመታት በፊት ለዶክትሬት ጥናት በጀርመን አገር ሳለን፣ አንድ የሥራ ባልደረባችን በሐምሌ ወር ዕረፍት ከቤተሰቡ ጋር እንድንጓዝ ጋበዘን። ጭነቱን በመጫን ረዳነው። የውኃ ጀሪካኖችንና የታሸጉ ምግቦችን ከኋለኛው አልጋ ሥር ከተትን፤ ሁለት ብስክሌቶችንም ከኋላ ግድግዳው ላይ ባለው ማንጠልጠያ ሰቀልን። ምክንያታችን ከፊት ያለው ቦታ ለመቀመጫ እንዲተርፍ ነበር። ስለ ሞመንት ተማሪዎችን እናስተምር የነበርን ሰዎች መሆናችን በዚያ ሰዓት ትዝ አላለንም።

በአንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ ትልቅ አውቶቡስ አልፎን ሲሄድ የተጎታቹ ጭራ ወደ ግራ ሸሸ፤ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፤ ቀጥሎም ከፊተኛው በሰፋ መጠን ወደ ግራ። የመኪናችን የኋላ ክፍል አብሮ ይጎተት ጀመር። ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል። ባልደረባችን ፍሬን አልረገጠም፤ እግሩን ከነዳጅ መርገጫው ላይ አንሥቶ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ። ጥቂት ሰከንዶች አለፉ፤ ፍጥነቱ ወረደ፤ ውዝዋዜውም ቀስ በቀስ ሞተ። በመጀመሪያው ማረፊያ ቆምን፤ ጀሪካኖቹንና ምግቡን አውጥተን በአክስሉ አናት ባለው ወለል ላይ አደረግናቸው፤ ብስክሌቶቹንም ወደ ውስጥ አስገብተን አጠገባቸው አሰርናቸው። ከዚያ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው መኪና፣ ያንኑ ሸክም ይዘን በሰላም ተጓዝን። ያን ዕለት ማታ በወረቀት ላይ ያሰላነው ስሌት ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል።

የመጀመሪያው ሕግ፦ ክብደት በርቀት ሲባዛ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው የሰራኩስ ሰው አርኪሜዲስ የሚዛንን ሕግ በግልጽ አስቀምጦልናል። አንድ ክብደት በአንድ ደጋፊ ነጥብ ላይ የሚያሳድረው የማዞር አቅም ከክብደቱና ከደጋፊው ነጥብ ካለው ርቀት ብዜት ጋር እኩል ነው። ይህን ብዜት ሞመንት እንለዋለን። በደጋፊው ነጥብ በአንድ ወገን ያለው ሞመንት በሌላው ወገን ካለው ጋር ሲተካከል አካሉ ሚዛኑን ይጠብቃል።

ተጎታች ቤቱን በዚህ ዐይን እንየው። ደጋፊው ነጥብ አክስሉ ነው። የጠቅላላው ክብደት ማረፊያ ነጥብ፣ ማለትም የስበት ማዕከሉ፣ ከአክስሉ ጥቂት ወደ ፊት ይገኛል። ስለዚህ የተጎታቹ አፍንጫ ወደ ታች ይጎተታል፤ መንጠቆው ደግሞ ከሥር ደግፎ ይይዘዋል። ከዚህ የሚከተለው ቀመር ይገኛል፦

የመንጠቆ ጫና = ጠቅላላ ክብደት × የስበት ማዕከሉ ከአክስሉ ያለው ርቀት ÷ መንጠቆው ከአክስሉ ያለው ርቀት

በትክክለኛው የፊዚክስ አነጋገር ክብደት የሚለካው በኒውተን ነው። ሆኖም በመንገድ ላይ እንደሚነገረው እኛም ጫናን በኪሎ ግራም እንገልጻለን፤ ወደ ኒውተን ለመለወጥ በ9.8 ማባዛት ይበቃል።

ለምሳሌ ተጎታቹ 1200 ኪሎ ግራም ይመዝን፤ መንጠቆው ከአክስሉ 4 ሜትር ይራቅ፤ የስበት ማዕከሉም ከአክስሉ 24 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይሁን። የመንጠቆው ጫና 1200 × 0.24 ÷ 4 = 72 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ከጠቅላላው ክብደት 6 በመቶ ነው።

አሁን ከአክስሉ 2.5 ሜትር ወደ ፊት የነበረ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ አንሥተን ከአክስሉ 2 ሜትር ወደ ኋላ እናስቀምጠው። ዕቃው የተጓዘው 4.5 ሜትር ነው። በመንጠቆው ላይ የሚያስከትለው ለውጥ 40 × 4.5 ÷ 4 = 45 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ ጫናው ከ72 ወደ 27 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ ይህም 2.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ተጎታቹን በመንገድ ዳር ሚዛን ላይ ብናወጣው ግን ያው 1200 ኪሎ ግራም ይላል። የስበት ማዕከሉ የተንቀሳቀሰው በ15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ላይ በጠቅላላው 30 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ብስክሌቶች ከአክስሉ 2.4 ሜትር ወደ ኋላ ቢሰቀሉ ሌላ 18 ኪሎ ግራም ይቀንሳሉ። የቀረው የመንጠቆ ጫና 9 ኪሎ ግራም ነው። የእኛም የሐምሌ ጭነት ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

ጫናው ስንት መሆን አለበት?

በዚህ ጥያቄ ላይ አገሮች የተለያየ ልማድ አላቸው። በእንግሊዝ አገር የሚሰጠው ምክር ከተጎታቹ ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ ነው። የጀርመን ሕግ ቢያንስ 4 በመቶ እንዲሆን ያዛል፤ ሆኖም ከ25 ኪሎ ግራም በላይ እንዲሆን አያስገድድም። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ የተለመደ ነው። አንባቢ «የፊዚክስ ሕግ አንድ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ስለ ምን ይለያያል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ሕጉ በእርግጥ አንድ ነው፤ የተለያዩት መሣሪያዎቹና የመንገድ ደንቦቹ ናቸው። የአሜሪካ ተጎታቾች አክስላቸው ወደ ኋላ ያደላ ነው፤ የሚጎትቷቸው መኪናዎችም ከባድና ጠንካራ ናቸው። የአውሮፓ መኪናዎች ግን ቀላል ከመሆናቸው የተነሣ የብዙዎቹ መንጠቆ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ብቻ እንዲሸከም የተፈቀደ ነው። የፍጥነት ገደቡም ይለያል። በጀርመን ተጎታች የሚስብ የቤት መኪና በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ተደንግጓል፤ ልዩ መስፈርት ያሟሉ ብቻ በአውራ ጎዳና እስከ 100 ይፈቀድላቸዋል።

እንግዲህ ተጓዡ ሁለት አጥሮች አሉት። የታችኛው አጥር በመቶኛ የተቀመጠው ነው። የላይኛው አጥር ደግሞ በመኪናው፣ በመንጠቆውና በተጎታቹ መያዣ ላይ ከተጻፉት ገደቦች መካከል አነስተኛው ነው።

የላይኛው አጥር ለምን አስፈለገ? መኪናውም በራሱ እንደ ሚዛን ስለሚሠራ ነው። የፊትና የኋላ አክስሎቹ 2.6 ሜትር የሚራራቁ፣ መንጠቆውም ከኋላ አክስሉ 1 ሜትር ወደ ኋላ የሆነ መኪና እንውሰድ። መንጠቆው ላይ 72 ኪሎ ግራም ሲያርፍ የኋላ ጎማዎቹ የሚሸከሙት ተጨማሪ ክብደት 72 ሳይሆን 72 × 3.6 ÷ 2.6፣ ማለትም 100 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ትርፉ 28 ኪሎ ግራም የመጣው ከፊት ጎማዎች ተነሥቶ ነው። ጫናው 150 ኪሎ ግራም ቢሆን የፊት ጎማዎች 58 ኪሎ ግራም ያህል ያጣሉ። መኪናውን የሚመሩትና የፍሬኑን ከፍተኛ ድርሻ የሚይዙት የፊት ጎማዎች ስለሆኑ መሪው ይቀላል፤ መኪናው በሚፈለገው መጠን አይታዘዝም። በምሽትም መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል። በአሜሪካ ከባድ የመንጠቆ ጫና የሚያነሡ ሰዎች በጠንካራ የስፕሪንግ ዘንጎች አማካይነት ከዚህ ክብደት ከፊሉን ወደ ፊት ጎማዎችና ወደ ተጎታቹ አክስል የሚመልስ ልዩ መንጠቆ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሕግ፦ ሸክም የተዘረጋበት ስፋት

እስካሁን የተናገርነው የመንጠቆ ጫናን ብቻ ነው። አንድ ተማሪ «እንግዲያውስ ጫናውን 6 በመቶ አድርጌ ካስተካከልሁ ሥራዬን ጨርሻለሁ» ሊል ይችላል። አልጨረሰም። ምክንያቱን በምሳሌ እናሳይ።

ባዶ ክብደታቸው 1100 ኪሎ ግራም የሆነ ሁለት አንድ ዓይነት ተጎታች ቤቶች አሉ እንበል። በእያንዳንዳቸው እኩል የሆኑ ሁለት 50 ኪሎ ግራም ሳጥኖች እንጫን። በመጀመሪያው ውስጥ አንዱን ሳጥን ከአክስሉ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ ሌላውን 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ እናድርግ። በሁለተኛው ውስጥ አንዱን 2 ሜትር ወደ ፊት፣ ሌላውን 2 ሜትር ወደ ኋላ እናድርግ። በሁለቱም ተጎታቾች የፊተኛው ሳጥን ሞመንት የኋለኛውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ጠቅላላ ክብደታቸው እኩል ነው፤ የመንጠቆ ጫናቸውም እኩል ነው። የትኛውም ሚዛን አይለያቸውም። በመንገድ ላይ ግን አንድ አይደሉም።

ልዩነቱን የሚገልጸው የኢነርሺያ ሞመንት የሚባለው መጠን ነው። ኢነርሺያ ማለት አንድ አካል የያዘውን ሁኔታ ላለመለወጥ የሚያሳየው እምቢታ ነው፤ የኢነርሺያ ሞመንት ደግሞ አካሉ መሽከርከር ለመጀመር፣ ከጀመረም በኋላ ለማቆም የሚያሳየው እምቢታ ነው። ስሙን ያወጣለት የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1765 ባሳተመው የጠጣር አካላት እንቅስቃሴን በሚመለከት መጽሐፉ ውስጥ በሰፊው አብራርቶታል። የሚሰላው መጠነ ቁስን በርቀቱ ካሬ በማባዛት ነው። ካሬ የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን እምቢታው አራት እጥፍ ይሆናል።

በመጀመሪያው ተጎታች የሁለቱ ሳጥኖች ድርሻ 2 × 50 × 0.3 × 0.3 = 9 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ ነው። በሁለተኛው 2 × 50 × 2 × 2 = 400 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ ነው፤ ከ44 እጥፍ በላይ። ባዶውን ተጎታች 5 ሜትር ርዝመትና 2.2 ሜትር ስፋት እንዳለው ወጥ ሳጥን ብንገምተው በመካከሉ ዙሪያ ያለው የኢነርሺያ ሞመንት 2700 ያህል ይሆናል። ስለዚህ በሁለተኛው ተጎታች ክብደቱን በ9 በመቶ ብቻ የጨመሩት ሳጥኖች የመዞር እምቢታውን በ15 በመቶ ገደማ አሳድገውታል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂላችን ሸክም ሲከፋፈል እንደሚቀል ያስተምራል። ለሰው ትከሻ እውነት ነው። ተጎታች ቤት የሚጭን ሰው ግን ይህን ብሂል ተከትሎ ዕቃውን ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ እኩል ቢዘረጋ ይሳሳታል። የዚህ ሸክም ጌጡ መሰብሰቡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሸክሙና አክስሉ ሊቀያየር የሚችል ተጎታች ሠርተው በመኪና እየጎተቱ ያደረጉትን ሙከራ ይፋ አድርገዋል። በከፍተኛ ፍጥነት መረጋጋትን በዋናነት ከሚወስኑት መካከል ያገኟቸው የተጎታቹ የኢነርሺያ ሞመንት፣ የመንጠቆው ጫናና አክስሉ ከመንጠቆው ያለው ርቀት ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱ ሁለቱ ተጓዡ ጭነቱን ሲጭን በገዛ እጁ የሚወስናቸው ናቸው።

ፍጥነት ለምን ያናጋል?

ተጎታች ቤት መንጠቆው ላይ እንደተንጠለጠለ ፔንዱለም ነው፤ ልዩነቱ ተኝቶ በአግድም መወዛወዙ ነው። ነፋስ ወይም የሚያልፍ መኪና አየር ጭራውን ቢገፋው ጎማዎቹ ወደ መስመሩ ይመልሱታል። ከመስመሩ አልፎ እንዳይሄድ የሚያረግበውም የጎማዎቹ ጉልበት ነው። ይህ አርጋቢ ጉልበት የሚመጣው ከየት ነው?

የተጎታቹ ጭራ ወደ ጎን ሲንቀሳቀስ ጎማው የሚጓዘው ፊቱን ባዞረበት አቅጣጫ በቀጥታ ሳይሆን በትንሽ ማዕዘን ዘንበል ብሎ ነው። ጎማው በመንገዱ ላይ የሚፈጥረው የጎን ጉልበት፣ ማዕዘኑ ትንሽ እስከሆነ ድረስ፣ በማዕዘኑ ልክ ያድጋል። ማዕዘኑ ደግሞ የጎን ፍጥነት ለፊት ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ጭራው በሰከንድ 1 ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ፣ መኪናው በሰከንድ 15 ሜትር (በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር) ሲጓዝ ማዕዘኑ 3.8 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በሰከንድ 30 ሜትር (በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር) ሲጓዝ ግን 1.9 ዲግሪ ብቻ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አርጋቢው ጉልበት ግማሽ ይሆናል ማለት ነው።

መንጠቆው በጽኑ ግንብ ላይ የተተከለ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በዚህ ያበቃ ነበር፤ ውዝዋዜው ቀስ ብሎ ቢሆንም ይሞታል። ነገር ግን መንጠቆው የተተከለው በመኪና ጭራ ላይ ነው። ተጎታቹ ሲወዛወዝ የመኪናውን ጭራ ወደ ጎን ይገፋል፤ መኪናው ይዞራል፤ የዞረው መኪናም በተራው ተጎታቹን ይገፋል። ልጅን በዥዋዥዌ ላይ የሚገፋ ሰው በትክክለኛው ቅጽበት በገፋ ቁጥር ውዝዋዜው እንደሚሰፋ ሁሉ፣ ከአንድ ፍጥነት በላይ መኪናው የሚመልሰው ግፊት ጎማዎቹ ከሚያረግቡት ይበልጣል። ይህ ወሰን ወሳኝ ፍጥነት ይባላል። ከወሳኙ ፍጥነት በታች ውዝዋዜ ይሞታል፤ ከእርሱ በላይ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው ይሰፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል የሚገኘው ከራሱ ከጉዞው ነው።

አሁን ሁለቱ ሕጎች አንድ ላይ ይገናኛሉ። የስበት ማዕከሉ ወደ ኋላ ሲሸሽ ተጎታቹ የመኪናውን ጭራ የሚገፋበት ክንድ ይረዝማል። የኢነርሺያው ሞመንት ሲያድግ ደግሞ ያው የጎማ ጉልበት ውዝዋዜውን ለማቆም ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ሁለቱም ወሳኙን ፍጥነት ወደ ታች ያወርዳሉ። በሐምሌው ጉዞ የእኛ ወሳኝ ፍጥነት በሕግ ከተፈቀደው ፍጥነት በታች ወርዶ ነበር ማለት ነው። ሕጉን አክብረን ሳለ አደጋው የመጣብን ለዚህ ነው።

ከሕጉ ወደ ተግባር

ከላይ ከተባለው የሚከተሉት የአጫጫን ደንቦች ይገኛሉ። ከባድ ዕቃ ሁሉ ወለል ላይ፣ በአክስሉ አናት ወይም ከእርሱ ጥቂት ወደ ፊት ይቀመጥ። መካከለኛ ክብደት ያለው በዙሪያው ይሁን። ልብስና አንሶላን የመሰለ ቀላል ዕቃ ብቻ ወደ ጫፎችና ወደ ላይኛው መደርደሪያ ይሂድ። ግራና ቀኙ ይመጣጠን። በጉዞ ላይ የሚንሸራተት ዕቃ የተሠራውን ስሌት ያፈርሳልና ሁሉም ይታሰር። በከፊል የተሞላ የውኃ ማጠራቀሚያ ውኃው ወዲያና ወዲህ ስለሚላጋ ቢቻል ባዶ ይሁን። የጎማ ነፋስም በታዘዘው ልክ ይሞላ፤ ነፋሱ የጎደለ ጎማ የጎን ጉልበቱ ደካማ ነው።

የመንጠቆውን ጫና ለመለካት የሰው ክብደት የሚለካበት ተራ ሚዛን ይበቃል። ተጎታቹ በሜዳ ላይ ቆሞ ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳሉ። በመያዣው ሥር ሚዛኑ ይቀመጣል፤ በሚዛኑና በመያዣው መካከል ተጎታቹን ሲጓዝ በሚኖረው ከፍታ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም እንጨት ይደረጋል። ረዳት ጎማው ከመሬት ሲነሣ ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የመንጠቆው ጫና ነው። የኢነርሺያ ሞመንትን ግን በዚህ ሚዛን ማወቅ አይቻልም። ለእርሱ ያለን መከላከያ የአጫጫን ሥርዓት ብቻ ነው።

ውዝዋዜ ቢጀምርስ? መድኃኒቱ ፍጥነትን ከወሳኙ ወሰን በታች ማውረድ ነው፤ የሚወርደው ግን በእርጋታ ነው። እግርን ከነዳጅ መርገጫ ማንሣት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይገባል። ውዝዋዜውን በመሪ ለማረም መታገል አይገባም። አንድ ሙሉ ውዝዋዜ የሚፈጀው ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ያህል ስለሆነ የሰው ምላሽ ዘግይቶ ይደርስና ሊያረግብ የተነሣው ያባብሳል። ፍሬንን በኃይል መርገጥም አደገኛ ነው። የሚጎተት ሰንሰለት ቀጥ ይላል፤ የሚገፋ ሰንሰለት ግን ይታጠፋል። ፍሬን ሲያዝ ተጎታቹ መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል፤ ቁልቁለትም እንዲሁ ያደርጋል። ፍጥነት በመጨመር ተጎታቹን ቀጥ ማድረግ ይቻላል የሚለው ወሬም ወደ ባሰ ጥፋት ይወስዳል፤ አርጋቢው ጉልበት በፍጥነት እንደሚቀንስ አይተናልና። በአሜሪካ የተጎታቹን ፍሬን ለብቻው የሚያዝ መቆጣጠሪያ ያላቸው ሹፌሮች እርሱን ብቻ በመጠኑ ይጠቀማሉ፤ ይህ ተጎታቹን ከኋላ ስለሚይዘው ሰንሰለቱን ቀጥ እንደማድረግ ነው። ዛሬ በብዙ መኪናዎችና ተጎታቾች ላይ ውዝዋዜን ተረድተው ራሳቸው ፍሬን የሚይዙ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ይገጠማሉ። ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን የተበላሸ አጫጫንን አያርሙም።

በእኛ መንገዶች ላይ

ተጎታች ቤት በአገራችን የተለመደ አይደለም። ተሳቢ ግን በየቀኑ እናያለን። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲጠነቀቅ እንፈልጋለን። በጂቡቲ መንገድ ከሚጓዙት የጭነት መኪናዎች ኋላ የሚጎተተው ተሳቢ ከፊትም ከኋላም አክስል ያለውና የፊት አክስሉ ከመጎተቻው ጋር የሚዞር ነው። ክብደቱን በሙሉ በራሱ ጎማዎች ስለሚሸከም መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ጫና ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ከላይ የሰጠናቸው መቶኛዎች ለእርሱ አይሠሩም። በአንጻሩ በፒክአፕ የሚጎተቱ ባለ አንድ አክስል ጄኔሬተሮች፣ የውኃ ቦቴዎችና ትናንሽ የዕቃ ተጎታቾች ለዚሁ ሕግ የሚገዙ ናቸው። በእነርሱ ላይ ሲሚንቶ ወይም ብረት የሚጭን ሰው ከኋላ ጫፍ ጀምሮ ቢደረድር እኛ በሐምሌ የሠራነውን ስሕተት ይደግማል።

ለሙከራና ለመልመጃ

ሁለተኛውን ሕግ በእጅ ለመዳሰስ አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ዱላና ውኃ የተሞሉ ሁለት የላስቲክ ጠርሙሶች ያዘጋጁ። ጠርሙሶቹን ከዱላው መካከል አጠገብ አስረው፣ ዱላውን በአግድም ከመካከሉ ይዘው ግራና ቀኝ ያወዛውዙት። ቀጥሎ ጠርሙሶቹን ወደ ሁለቱ ጫፎች አዛውረው ይድገሙት። ክብደቱ አልተለወጠም፤ የእጅዎ ድካም ግን ይለወጣል።

1ኛ. 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተጎታች መንጠቆው ከአክስሉ 4.5 ሜትር፣ የስበት ማዕከሉም ከአክስሉ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ነው። የመንጠቆው ጫና ስንት ነው?

2ኛ. የመኪናው መንጠቆ ከ75 ኪሎ ግራም በላይ ካልተፈቀደለት፣ ከአክስሉ 2.5 ሜትር ወደ ፊት ያለ 30 ኪሎ ግራም ሳጥን ምን ያህል ወደ ኋላ መዛወር አለበት? በዚያው ስፍራ ያለ 60 ኪሎ ግራም ሳጥን ቢዛወርስ? የትኛው ይሻላል?

3ኛ. የሚዛኑ አቅም አነስተኛ ቢሆን ጠፍጣፋ ሣንቃ በአንድ ጫፉ በጡብ፣ 1.5 ሜትር ርቆ በሌላው ጫፉ በሚዛኑ ላይ ይቀመጣል። መያዣው ከጡቡ 0.5 ሜትር ርቆ ሲያርፍ ሚዛኑ ከሣንቃው ድርሻ ሌላ 30 ኪሎ ግራም ቢያሳይ ጫናው ስንት ነው?

መልስ፦ 1ኛ. 100 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 6.7 በመቶ። 2ኛ. የመጀመሪያው 3.75 ሜትር ተዛውሮ ከአክስሉ 1.25 ሜትር ወደ ኋላ ያርፋል፤ ሁለተኛው 1.875 ሜትር ብቻ ተዛውሮ ከአክስሉ ወደ ፊት 0.625 ሜትር ላይ ይቀራል። ከባዱን ወደ አክስሉ ማቅረቡ የኢነርሺያውን ሞመንት ይበልጥ ስለሚቀንስ ሁለተኛው ይሻላል። 3ኛ. 90 ኪሎ ግራም።

በሚቀጥለው ጊዜ ጋሪ ነጂው «ወደ ፊት ጠጋ በሉ» ሲል አንባቢያችን ሳያጉረመርም ጠጋ ይል ዘንድ ተስፋ እናደርጋለን። ነጂው እየፈታ ያለው ትክክለኛ የፊዚክስ ጥያቄ ነው፤ የሚፈታውም ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ ነው።